የሕግ ሰው

ማክሰኞ ተወለደ፣ ከኖተሪው ቢሮ፣
በዐሥራ አራት ገጽ ላይ፣ በክር ተሰፍቶ፣ በማኅተም ታስሮ።
ምጥ የለ፣ እልልታ የለ፤ አንዲት መነጽራም ሴት
ገንዘቤን ቆጥራ "በል" አለች፣ "ይኸው ስሙ፣ ይኸው ቤት።
የሕግ ሰውነት አለው" ብላ አስረዳችኝ፤
"መክሰስም፣ መከሰስም ይችላል" አለችኝ።

እኔ ግን፣ አባቱ፣ በተማሪ ፈቃድ
ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ ለመሄድ።
ልጄ ብርኖ ሊኖር ተፈቅዶለት ሳለ
አባት ሻንጣ ይዞ በር ላይ ዋለለ።

ካፒታሉን ፈርቼ "ስንት ይሆን?" ብላቸው
"አንድ ኮሩና ይበቃል" ሆነ መልሳቸው።
የዚህ አገር ገንዘብ ስሙን ያወጣለት
አማርኛ ሳያውቅ እንዴት ተሳካለት!
ለልጄ አንድ ኮሩና በሩን ሲከፍትለት፣
ለኔ ሲሆን ጊዜ፣ ኮሩና፣ ዘጉብኝ መስኮት።

የውጭ ዜጎች ቢሮ። ቁጥሬ ስልሳ ሁለት።
በቀኜ ቬትናማዊ፣ ጥፍር ቤት ሊከፍት፤
በግራዬ ከሚንስክ የመጣች ልብስ ሰፊ፣
ፎልደሯን ታባብላለች፣ እንደ ሕፃን አኩራፊ።

"ፓን ደርሰህ!" አለ መስኮቱ።
ማንን ነው የሚጠራው?
ደርሰህ አባቴ ነው፤ በወልድያ ገበያ
የሚዛን ሐኪም ነበር፣ ጣቱ ግራም መለያ፤
በርበሬ የምትሰርቅ ሚዛን ቢያመጡለት
"ሐሰቷ ከምላሷ ነው" ይላል ጠጋ ብሎላት፣
ነካ ያደርጋታል በቀጭን ሞረድ ስሎ፣
አንድ ግራም እንደ አንድ ነፍስ በጣቱ አንጠልጥሎ።
አባቴ በሞተ በሰባተኛ ዓመቱ
"ደርሰህ! ደርሰህ!" ይላል የብርኖ መስኮቱ።
"አቤት" አልኩ።
ሳልደርስ።

"የድርጅቱ ዓላማ?" "ሚዛን መጠገን ነው።"
"ዛሬም ይጠገናል?" "የተሰበረው ነው።"
"ጋባዥህስ ማነው?" "ድርጅቱ ነው።" "ፈራሚው?"
"እኔው።"
ቀና አለች። ደብዳቤውን አየችው።
ሌሊት ነው የጻፍኩት፣ እንዲህ የሚል ቃሉ፦
"ያለ አቶ ደርሰህ ሥራችን ከንቱ ነው ባጠቃላይ ሁሉ።"
"ታታሪ" ብዬ ነበር። "ታማኝ" ስል አፈርኩ፤
ሰረዝኩት። ሻይ ጠጣሁ። መልሼ ጻፍኩ።

"የባንኩ ወረቀት ዘጠና ቀን ነው ዕድሜው፤
ያንተ ዘጠና አንድ" አለችና መለሰችው።

ስወጣ ከኮረብታው፣ ከካቴድራሉ ራስ
የቀትሩ ደወል ጮኸ፣ ቀትር ገና ሳይደርስ፤
በኛ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ነበር።
ጥንት ጠላት ከቦን፣ ይላሉ፣ እስከ ቀትር
ካልያዝኩ እሄዳለሁ ብሎ ስለማለ
ደዋዩ ቀድሞ ደውሎ ጠላትን ሸነገለ።
ይኸው እስከ ዛሬ፣ ቀትር ያለ ሰዓቷ፤
ከተማይቱ ኮርታ ትኖራለች በስሕተቷ።
እሷ በአንድ ሰዓት ስታ ተረት ሆነላት፤
እኔ በአንድ ቀን ስቼ ቀጠሮ ለሌላ ወራት።

ቁልቁል ጎመን ገበያ (ስሙ ነው፤ ጎመንም አለ)
ከድንች ክምር ኋላ እጅ ሚዛን ሲደበድብ ዋለ።
ወይዘሮ ሊቡሼ ናት። "ሠላሳ ግራም ትወስዳለች፣
ከገዢው ቢሆን ምናለ! ከኔው ነው" አለች።
ተንበረከክሁ። ሞረዴን አወጣሁ።
ምላሷን አገኘሁት፣ ነካ ነካ አደረግሁ።
"ለማን ልክፈል?" "ለልጄ" ብዬ ጻፍሁላት
የደረሰኙን ቁጥር አንድ። ዕድሜውን አልጠየቀችም፣ አልነገርኳት።

ቪዛው ሲመጣ (በስንተኛው ወር፣ ይቅር)
የአባቴን የወርቅ ሚዛን ዘረጋሁ ከድንቹ ሥር።
ፓስፖርቴን አስቀድሜ መዝኜው ነበረ፦
ሠላሳ ስምንት ግራም። አሁን ጨመረ፦
ሠላሳ ዘጠኝ።

አንድ ግራም።

ሊቡሼ ጠጋ ብላ በጨርቅ እጇን ጠርጋ
"ሚዛኑ ትክክል ነው?" አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።
ደወሉ ተደወለ። ቀና ብዬ አየሁ፤
ቀትር አልነበረም።
ሳንቲሞቹን ቆጠርሁ።